ከማን ይበልጣል?

ቀስ በሉ ጎረቤት፣ ዝቅ አርጉት ድምፁን፣
ዛሬ እንኳ ይጨርስ ልጁ እንቅልፉን።
ነገ ጎህ ሲቀድ ነው ከዚህ የሚነሣው፣
የናይሮቢ ክለብ ነው ለሆኪ የጠራው።
ለስድስት ወር ሙከራ፤ አስምሩበት ቃሉን፣
እኔ ነኝ ለእናቱ ያነበብኩት ውሉን።

እናንተ ግን ወዲህ አስልታችሁ ጨርሳችሁ፣
በልጁ ጉልበት ላይ ገበያ ወጥታችሁ፣
አጎቱ ምትኩ ባጃጅ መርጧል በቀለም፣
እትዬ የዝብነሽ ጣሪያ ለወጠች በሕልም፤
የዕድሩ ዳኛ እንኳ፣ ቁጥቡ፣ ባለሚዛኑ፣
«ያድስልናል» አለ፣ ተቀዶ ድንኳኑ።
የሽምብጥ ልጆችማ ግንቡን በኖራ ጽፈው
ዘጠኝ ቁጥር ሰጡት፣ ክለቡ ሳይሰጠው።

ስሙ ነው ጉዱ።
ይበልጣል፣ ይበልጣል፣ እያላችሁ ስትጠሩት
ከማን እንደሆነ አንዳችሁም አልጠየቃችሁት።
እኔ ነበርኩ እዚያ። አባቱ አንለይ
ፊተኛውን ልጁን ወባ ነጥቆት፣ ዓመት ሳይሞላ፣
ይኼን ታቅፎ ወጣ፣ ከደጅ፣ ከሾላው ጥላ፤
«ከሄደው የመጣው ይበልጣል» አለ፣ ቀስ ብሎ፤
ሌላ አልጨመረም፣ ገባ፣ ፊቱን በጋቢው ከልሎ።
ያ ስም ግብ አልለመነም፣ ዋንጫም አልፈለገም፤
ትንፋሽ ነው የጠየቀ።
እሱን ልጁ ከፍሏል፤ ዕዳ የለበትም።

የመጀመሪያ ዱላውን እኔው ነኝ የቆረጥኩለት፣
ከዘጌ እንጨት ጭኜ ስመጣ ጎባጣውን መረጥኩለት።
በገና ዕለት ሩሯን ሲመታት በጀርባ
ሽማግሌው ሁሉ ዘለለ፣ ሜዳው ውስጥ ገባ።
ያ የጀርባ ምት፣ ያ እኛ ያበድንለት፣
እዚያ ጥፋት ነው፤ ፊሽካ ይነፋበታል፤
የዱላው አንድ ፊት ብቻ ነው የተፈቀደለት።
ደግሞ እኛ ዘንድ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤
እዚያ ጌታው ይቆጣል። ደሞዝ ይከፍላል፣ ሰዓት ይይዛል፣
ከልጃችን የሚበልጡ ሃያ ልጆች ደርድሮ ይመርጣል፤
ሜዳው እንኳ ሳር አይደል፤ ምንጣፍ ነው፣ ውኃ ይጠጣል።

ሃያ ዓመት በታንኳ እንጨት አመላለስኩ፣
ጭነት ምን እንደሆነ ከጣና ተማርኩ።
ደንገል ባንድ ጊዜ አይሰጥምም፤
ቀስ እያለ ነው የሚጠጣው፣ ቀዛፊው አይሰማውም።
ከየጉዞው በኋላ ዳር አውጥተው ፀሐይ ካላስመቱት
አንድ ቀን አንዲት ጭራሮ ትበቃለች፣ ሲጨምሩበት።
ያቺን ጭራሮ፣ ጎረቤት፣ እናንተ አትወርውሯት።

ሐምሌ ላይ ቢመለስ፣ ጣና ዳሩን ሲውጥ፣
ባዶ እጁን ቢመለስ፣
«ምን ይዘህ መጣህ?» አትበሉት፤
«እንዴት ሰነበትክ?» በሉት። ወንበር ሳቡለት።
ቢቀናውም እንዲሁ።

እኔስ?
እውነቱ ከተነገረ፣
ትናንት ማታ ኳስ ከሚያሳዩበት ቤት ገብቼ
«ሆኪ ይከፈታል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ፣ አንገቴን ደፍቼ።
አስተናጋጁ ሳቀ። «አባባ፣ ይኼ ዲሽ ያንን አይስብም» አለኝ።
የመግቢያዬን ሳንቲም ጨብጬ ወጣሁ፣ እፍረት ያዘኝ።
ለካ ከታንኳው ላይ የእኔም ጭራሮ ኖሯል።

እና ነገ ሲሄድ፣ በየተራ ስትስሙት፣
ባጃጁን፣ ጣሪያውን፣ ድንኳኑን ከጫንቃው አውርዱለት፤
ዱላውን ብቻ ይያዝ።
መንገደኛ ቆሞ «ደረሰ ወይ?» ቢላችሁ
አንድ ቃል ትበቃለች፣ ታውቋታላችሁ፤
ጨዋታውም እሷ ናት፣ ልጁም ያው እሷን ነው፤
ገና ነው፣ በሉት።
ገና ነው።